ስለ አየር ጠባይ መለወጥ በቤትና በሸንጎ የሚነገረው ነገር

በደብረ ታቦር ከተማ በክረምት ማታ፣ የጉና ተራራ ጭጋጉን ተከናንቦ ሲያድር፣ በየቤቱ በምድጃ ዙሪያ የሚነሣው ነገር ብዙውን ጊዜ የዝናም ነገር ነው። ሽማግሌው ክረምቱ እንደ ቀድሞው በሰኔ ሚካኤል አልገባም ይላሉ፤ ወይዘሮዋ ድንቹ ያለ ጊዜው ቅጠሉ ጠወለገ ይላሉ፤ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ደግሞ «ይህን ሁሉ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ ከመምህሩ የሰማውን ይናገራል። አያቱም «ልጄ፣ አየር ደግሞ ምን ንብረት አለው?» ብለው ቢጠይቁት ልጁ መልስ ያጣል።

ልጁ መልስ ማጣቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። አያቱም መጠየቃቸው ካለማወቅ አይቈጠርም። ንብረት የሚለው ቃል ነበረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ በግዕዙ አኗኗርን፣ አቀማመጥንና ሁኔታን ያመለክታል፤ ቃሉን ለዚህ ትምህርት የመረጡት ሰዎች ይህን አስበው እንደ ሆነ መልካም አስበዋል። ነገር ግን በዛሬው አማርኛ ንብረት ሲባል በሰው ልብ የሚመጣው ከብትና ቤት፣ ገንዘብና መሬት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተላከው ቃል ፋርጣ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ይሰማል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የአየር ጠባይ ብንል ይሻላል ብለን የጻፍነው ስለዚህ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ችግር ያለበት ደግሞ ትንበያ የሚለው ቃል ነው። ተነበየ ማለት ትንቢት ተናገረ ማለት ነው፤ ትንቢት የሚናገርም ነቢይ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱና በልጉ ከመግባታቸው በፊት የወቅቱን ዝናም ሁኔታ ሲያስታውቅ፣ ዝናሙ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆኑን ዕድል ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ በሦስት ከፍሎ ይናገራል። ከመቶው አርባ አምስት እጅ ከመደበኛ በላይ ሊሆን ይችላል ቢል፣ አምሳ አምስቱ እጅ ሌላ ሊሆን ይችላል ማለቱ ነው። ይህ ቃል ግን ከከተማ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ሲወርድ መቶኛው እየረገፈ ይቀርና «ዘንድሮ ዝናም ይበዛል ተብሏል» የሚለው ብቻ ይደርሳል። ዝናሙም የቀረ እንደ ሆነ ባላገሩ ነቢዩ ዋሸ ብሎ ይፈርዳል፤ በሚመጣው ዓመትም ጆሮውን አይሰጥም። ሊቃውንቱ የሚናገሩት እንደ ነቢይ ሳይሆን ወደ ቆላ ለመውረድ እንደሚያስብ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ እርሱም መንገዱን፣ ወንዙንና ሽፍታውን አመዛዝኖ ይሻላል ባለው በኩል ይሄዳል እንጂ እንዲህ ይሆናል ብሎ አይምልም።

ሦስተኛውም ቃል ምርምር ነው። ተመራማሪና መርማሪ ከአንድ ግስ የወጡ ናቸው፤ አንዱ የሊቅ፣ ሁለተኛው የፖሊስ ስም ሆኗል። ወረቀትና እርሳስ የያዘ እንግዳ ከበራፉ ቆሞ ስንት ጥማድ በሬ አለህ፣ ስንት ኩንታል ገብስ አገባህ ብሎ ሲጠይቀው፣ ባላገሩ ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብሎ ሀብቱን ቢያሳንስ ወይም እርዳታ ሊመጣ ነው ብሎ ችግሩን ቢያበዛ ማን ይፈርድበታል? ጠያቂውም የሰማውን ጽፎ ይሄዳል፤ የጻፈውም በትልቅ ጉባኤ ላይ ቍጥር ሆኖ ይነበባል።

መቸም የዚህ አገር ሰው ነገርን መመዘን የማያውቅ አይደለም። አባቶቻችን በርስት ሲሟገቱ ዳኛው ምስክሩን አስቀድሞ የሚጠይቀው ያየህ ነህ ወይስ የሰማህ ብሎ ነበር። አሥር ሰው ቢመሰክርና አሥሩም ከአንድ ሰው የሰሙ እንደ ሆነ ምስክርነታቸው ከአንድ አያልፍም። ስለ አየርና ስለ ደን በሸንጎ የሚነገረውን ቃል ግን በዚህ ሚዛን ሳናስቀምጥ ብዙ ዓመት ተቀባብለነዋል።

ለምሳሌ አንድ ቍጥር እናንሣ። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ምድር ከመቶው አርባ እጅ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ግን ሦስት እጅ ብቻ ቀረ» የሚለውን ቃል ያልሰማ የመንግሥት ሠራተኛ አይገኝም። በትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ በመሥሪያ ቤቶች ዘገባ፣ በውጭ አገር ሰዎችም ጽሑፍ ተደጋግሟል። እኔም ራሴ በአንድ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ቍጥር ተናግሬ ተጨብጭቦልኛል፤ ከየት እንዳገኘሁት የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቀኝም የምመልሰው አልነበረኝም። በአሜሪካ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን የእርሻ ታሪክ ያጠኑት ጄምስ ማካን ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ የዚህን ቍጥር ትውልድ ወደ ኋላ እየተከተሉ መረመሩና፣ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ እንጂ መሬት ተለክቶ የተገኘ አለመሆኑን አሳዩ። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን ስንቀባበለው የኖርነው ምስክር የሰማ እንጂ ያየ አልነበረም ማለት ነው።

ያየ ምስክርስ ይገኛልን? ይገኛል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲመጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩበት፤ የመንገዱንም አገር ተራራና ሸለቆ እያነሡ ሄደዋል። ከ140 ዓመት ያህል በኋላ በቤልጅግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ያን ኒሰን፣ የመቀሌው ሊቅ ምትኩ ኃይሌና ጓደኞቻቸው እነዚያ ሥዕሎች ከተነሡባቸው ቦታዎች ቆመው እንደ ገና አነሷቸውና አስተያዩ። በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙው ስፍራ ዛሬ ያለው ዛፍ ከዚያን ጊዜው በዝቶ ተገኘ፤ ከፊሉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ፣ ከፊሉም ሕዝቡ በመከለልና በመትከል ያለማው ነው። በዚያ ዘመን ምድሩ በብዙ ቦታ ራቁቱን እንደ ነበር ሥዕሉ ይመሰክራል።

በደቡብ ጎንደርም እንዲሁ ሆነ። ኢጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሡት የአገሩ ሥዕል ተገኝቶ፣ ተመራማሪዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን ደን በቅርብ ጊዜ ከሰማይ ከተነሣው ጋር አስተያዩት። የቤተ ክርስቲያን ደን ሁሉ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው ሲባል ቢኖርም፣ ብዙዎቹ ደኖች ሰባ ዓመት አልፎ ወሰናቸውን ጠብቀው መኖራቸው ታየ፤ በአንዳንዱ ስፍራም ሰፍተዋል፤ የጨመረው ግን ባሕር ዛፍ ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ሥጋት የለም፤ ስለ አየርም የሚነገረው ሁሉ ወሬ ነው» ብሎ እንዳይነሣ እንለምነዋለን። በፍርድ ቤት አንድ ምስክር ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የቀሩት ሁሉ ሐሰት አይሆኑም። ደግሞም አደጋው በዚህ በኩል ነው፤ እውነተኛውን ነገር በሐሰተኛ ቍጥር የደገፍነው እንደ ሆነ ቍጥሩ ሲወድቅ እውነቱንም ይዞት ይወድቃልና።

የምድር መሞቅ የቆመው በሌላ እግር ነው። ከምድጃና ከፋብሪካ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር ሙቀትን እንደሚይዝ ጆን ቲንዳል የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1859 በመሣሪያ ለክቶ አሳየ። የስዊድኑ ሊቅ ስቫንቴ አሬንየስም ይህ አየር ቢበዛ የምድር ሙቀት ምን ያህል እንደሚጨምር አስልቶ ያሳተመው እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት በ1888 ዓ.ም. ነው። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ በሐዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ መሣሪያ ተክሎ ይህን አየር ይለካ ጀመር፤ ያን ጊዜ ከሚሊዮን ክፍል 315 ያህል የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። የዓለምም ሙቀት ፋብሪካ ካልበዛበት ዘመን ይልቅ ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል። እነዚህ ያዩ ምስክሮች ናቸው፤ መሣሪያቸውንም እነሆ ብለው ያሳያሉ፤ ሌላው ለክቶ እንዲያስተባብላቸው ወይም እንዲያጸናቸው ይፈቅዳሉ። ኢትዮጵያ ለዚህ ጢስ ያላት ድርሻ ከዓለሙ ከመቶው አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ መሆኑም የታወቀ ነው።

ሆኖም የዓለም ሙቀት መጨመሩ የታወቀ ስለሆነ ብቻ በፎገራ የሆነው ሁሉ ከእርሱ የመጣ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። ሊቃውንት የአየር ጠባይ ብለው የሚጠሩት የሠላሳ ዓመቱን አማካይ እንጂ የአንዱን ክረምት መልክ አይደለም። የኛም ሰው ይህን በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ቡሄ ከዋለ ክረምት የለም ሲባል፣ በደብረ ታቦር በዓል ማግሥት ዝናሙ ይቆማል ማለት አይደለም፤ ቡሄ በዋለ ማግሥት በዶፍ ያልራሰ የደብረ ታቦር ሰው የለም። ከብዙ ዘመን ልምድ የተወሰደ አማካይ ስለሆነ፣ ዘመን ሲዛባበት የሚታወቀውም ብዙ ዓመት ተቈጥሮ ነው።

እዚህ ላይ ለሹማምንት ጥቂት መናገር ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የጣና ዳር የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። ጎርፉን ያመጣው ዝናም መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ርብና ጉማራ የሚነሡት ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ነው፤ በጉና ትከሻ ላይ አስታው ተቈርጦ፣ ጓሳው ታርሶ፣ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ሲወርድ በሜዳው የወንዙን ወለል በደለል ከፍ ያደርገዋል፤ ወለሉም ከፍ ያለ ወንዝ ቀድሞ ይችለው የነበረውን ውሃ አይችልም። የጉና እርሻ ወደ ላይ መውጣቱ ራሱ ከሙቀቱ መጨመር ነው ወይስ ከመሬቱ መጥበብ? ሁለቱም ድርሻ አላቸው፤ የመሬቱ መጥበብ ግን ባለፋብሪካ አገሮች ያመጡብን አይደለም። በስብሰባ ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ መቀመጥ ቀላል ነው፤ ጥፋቱ የሩቅ ሰው ሆኖ ይቀርና እርከን ያልሠራው፣ ቦይ ያልጠረገው፣ ግጦሹን ያልከለለው ሁሉ ነጻ ይወጣል።

ይህ ልማድ ብዙ ዋጋ አስከፍሎናል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ በገባ ጊዜ ነገሩ በሸንጎ እንዳይነገር ሆኖ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው በዩኒቨርሲቲው እስኪያሳዩ ድረስ በዋና ከተማው እንደሌለ ተቈጠረ። ከዚያም በኋላ ስለ ረሀብ ሲነገር ምክንያቱ ሁሉ ድርቅ ብቻ እየተባለ ሄደ። የጂኦግራፊው ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ግን እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 የነበረውን ዘመን መርምረው በጻፉት መጽሐፍ ድርቅና ረሀብ አንድ አለመሆናቸውን፣ ድርቅ ከሰማይ ቢመጣም ገበሬውን ባዶ ጎተራ ይዞ እንዲጠብቀው የሚያደርገው የሰው ሥርዓት መሆኑን አስረዱ። እብናትንና ጋይንትን የሚያውቅ ሹም ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ነገሩ ሁሉ ክፉ እንዳይመስል፣ በዚሁ በደቡብ ጎንደር በመልካም የተነገረ የምርምር ቃል ምን ፍሬ እንዳፈራ ደግሞ እንንገር። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ የተባሉ የደን ሊቅ በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለፈጸሙት ጥናት በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉትን ደኖች እየዞሩ መረመሩ። ትንሹ ደን ሁለት ሄክታር የማይሞላ፣ ትልቁ መቶ ሄክታር የሚደርስ ነበር፤ በሁሉም ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ተቈጥሮ ተገኘ። ከዚህ በላይ ግን ልብ የሚነካው ሌላው ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው የሚያድግ ችግኝ በብዙው ስፍራ ጥቂት ሆኖ ታየ። ምክንያቱን ለማወቅ በሁለት ደኖች ውስጥ ከብት እንዳይገባ ጥቂት ቦታ አጥረው ካልታጠረው ጋር ሲያስተያዩት፣ በታጠረው ውስጥ ዘሩ በተሻለ በቀለ፣ ችግኙም በተሻለ ኖረ። እንግዲህ ከአውሮፕላን የተነሣው ሥዕል ወሰኑ ጸንቷል ሲል፣ በእግሩ ገብቶ የቈጠረው ሰው ደግሞ ልጅ የሌለበት የሽማግሌዎች ቤት ሆኗል አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ብቻ ቢሰማ ኖሮ ግን ፍርዱ ይጣመም ነበር።

ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቱ የደን ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ይህን ነገር ለካህናቱ ሲያስረዱ የሄዱበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። ካህናቱን ሰብስበው ከሰማይ የተነሣውን የአገሩን ሥዕል አሳዩአቸው። በታረሰው ቀይ ምድር መካከል ደናቸው እንደ ትንሽ ደሴት ሆኖ ሲታያቸው ደነገጡ። ካህናቱ ደኑን የፍጥረት ሁሉ መጠለያ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ልብስ አድርገው የሚያዩት ስለሆነ፣ የተነገራቸው ነገር ከውጭ የመጣ ትምህርት ሳይሆን የራሳቸው ቤት ጉዳይ ሆነባቸው። ምን እናድርግ ሲባልም በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ይሠራ ያሉት እነርሱ ናቸው። ገበሬው ከማሳው ድንጋዩን እየለቀመ አመጣ፤ ማሳውም ጸዳ፣ ካቡም ቆመ፣ ከብቱም ከደጅ ቀረ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ባላገሩን ያላወቀ ነህ ያለው ሰው አልነበረም።

ስለ ችግኝ ካነሣን፣ በአማርኛችን ለዛፍ ጸደቀ የምንለውን ቃል ማስተዋል ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ፤ ብዙ ሕዝብም በደስታ ወጥቶ ተክሏል። የውጭ አገር ጋዜጠኞች ቍጥሩን ተጠራጥረው ማን ቈጠረው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ያስቈጣቸው ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ግን ጥያቄው የሚገባ ይመስለናል፤ እንዲያውም ከእኛ ከራሳችን ሊነሣ የሚገባው ነበር። ባላገሩ ስንት ተከልህ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ስንቱ እንደ ጸደቀ ነው። መተከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጽደቅ ግን ከሁለትና ከሦስት በጋ በኋላ የሚታወቅ ስለሆነ፣ በሐምሌ የተነገረው ቍጥር ሁሉ በሦስተኛው ዓመት ግንቦት እንደ ገና ቢነገር መልካም ነው።

ወደ ምድጃው ዙሪያ እንመለስ። ልጁ ከትምህርት ቤት ያመጣው ቃልና አያቱ የያዙት ትዝታ ባላንጣ ሆነው እንዲቀመጡ ማድረግ አይገባም። አያቱ በልጅነታቸው ምንጩ እስከ የትኛው ወር ይፈስ እንደ ነበር፣ ገብሱ ጉና ላይ እስከ የትኛው ገደል ይዘራ እንደ ነበር ያየ ምስክር ናቸው፤ ልጁ ግን ይህን አልጠየቃቸውም፤ መምህሩም ጠይቅ አላለውም። አያቱም በፊናቸው ማስተዋል ያለባቸው ነገር አለ፤ የሰው ትዝታ ክፉውን ዓመት አጕልቶ፣ ደኅናውን ዓመት አደብዝዞ ይይዛልና ያለ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ በቤት ሊደረግ የሚችል አንድ ቀላል ነገር እንጠቁም። ከታች እስከ ላይ ስፋቱ እኩል የሆነ የዱቄት ወተት ጣሳ ይገኛል። ይህን ጣሳ ከዛፍና ከጣራ ራቅ አድርጎ፣ ዶሮና ከብት በማይገለብጠው ቦታ፣ በእንጨት አስደግፎ ማቆም ነው። በየማለዳው በአንድ በተወሰነ ሰዓት ልጁ ማስመሪያ አስገብቶ ውሃው ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ አይቶ ይጻፍ፤ ከዚያ ጣሳውን ይድፋው። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ሜትር ካሬ ምድር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ስለሆነ፣ እናቱ በእንስራ፣ አባቱ በማሳ ሊተረጕሙት ይችላሉ። ዝናም ያልጣለ እንደ ሆነም ባዶ ብሎ መጻፍ እንጂ መዝለል አይገባም፤ ብዙ ደብተር የተበላሸው በዚህ ነው።

በደብተሩ በግራ ገጽ የተለካው ይጻፍ፤ በቀኝ ገጽ አያቱ ማታ የሚናገሩት ይጻፍ፤ ከሬድዮ ወይም ከሰው የተሰማ ነገርም ቢኖር ከማን እንደ ተሰማ ከነስሙ ይግባ። የመጀመሪያው ዓመት ደብተር ምንም አይነግርም። አምስተኛው ጥቂት ይናገራል። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ልጁ ራሱ የልጆች አባት ሆኖ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው በሸንጎ ተነሥቶ የደብረ ታቦር ክረምት ተለወጠ ወይም አልተለወጠም ቢል፣ ደብተሩን ከሳጥን አውጥቶ «የቱ ወር ነው ያሉት?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል።